አንደኛ የወጣው ዘፈን

አባቴና እናቴ በአንድ ቤት ውስጥ አምስት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረዋል። ተፋትተው አልነበረም። ተኳርፈው ነው እንዳይባልም ኩርፊያ ቀን ሲገፋ ይበርዳል። አባቴ ዳንግላ ገበያ አጠገብ፣ በቤታችን በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋል። እናቴ ጓሮ ጌሾዋን ትኮተኩታለች፣ ጥጥ ትፈትላለች። ምሳና ራት በሰዓቱ ይቀርባል። እሑድ እሱ ፊት፣ እሷ ኋላ ሆነው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። በመንገድ የሚያያቸው ሰው ምንም አይጠረጥርም ነበር። ከመካከላቸው የጠፋው ቃል ብቻ ነው። የሚባባሉት ነገር ሲኖር በእኔ በኩል ያልፋል።

«እናትሽን ጠይቂያት፤ ነጩ ክር የት ገባ?» ይላል አባቴ።

እናቴ ከእሱ ሁለት ክንድ በማይሞላ ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ሰምታዋለች። እኔ ግን ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ «እማዬ፣ ነጩ ክር የት ገባ?» ማለት ነበረብኝ። እሷም ቀና ሳትል «ከሣጥኑ ላይ ነው በይው» ትለኛለች። «ከሣጥኑ ላይ ነው አባዬ» እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ከአሥራ አራት ዓመቴ እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ደረስኩ። ከመልመዴ የተነሳ ሰው ቤት ሄጄ ባልና ሚስት ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ስሰማ ጠብ የጀመሩ ይመስለኝ ነበር።

ምክንያቱ እኅቴ ነበረች። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። አንድ የአባቴ ደንበኛ የሆነ የጫግኒ ነጋዴ ለልጁ ጠየቃት፤ አባቴ እናቴን ሳያማክር እሺ አለ። እናቴ ስትሰማ «የደጋ ልጅ ቆላ አትወርድም፤ ንዳድ ይበላታል» አለች። ያኔ ይነጋገሩ ነበር። አንቱ ነበር የምትለው። «እባክዎ፣ እዚሁ ደጋ ሰው አይጠፋም» ብላ እግሩ ሥር ስትወድቅ አይቻለሁ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብቻ አንዴ ከአፉ የወጣ ነገር የሚመለስበት መንገድ ያለ አይመስለውም። «ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። እኅቴ በጥር ተዳረች። በጥቅምት ከጫግኒ መልእክተኛ መጣ። እኛ ስንደርስ ተቀብራ ነበር። ንዳድ ነው፣ ስድስት ቀን ብቻ ነው የታመመችው አሉን።

እናቴ ለቅሶውን በወጉ ተቀመጠች፤ አርባዋንም በወጉ አወጣች። በአርባው ማግስት አባቴ አንድ ነገር ጠየቃት፤ ምን እንደሆነ አሁን አላስታውስም። አልመለሰችለትም። ደግሞ ጠየቃት። ወደ እኔ ዞረችና «የለም በይው» አለችኝ። የመጀመሪያው ቀን ያ ነው። አባቴ ወደ ስፌት መኪናው ሄደ። በነጋታው «እናትሽን ጠይቂያት» ማለት ጀመረ።

እናቴ የአገው ልጅ ናት፤ የተወለደችው ከዘንገና ሐይቅ በላይ ካለ መንደር ነው። አባቴ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ በኩል የመጣ ሰው ነው። ዳንግላ ከሃያ ዓመት በላይ ሲኖር ከሰላምታና ከልብስ ልኬት በቀር አገውኛ አልገባውም። እናቴ ድሮ ቤት ውስጥ የምታወራው በአማርኛ ነበር። ከአርባው በኋላ ግን ከእኔም ከጎረቤትም ጋር ወደ አገውኛዋ ተመለሰች። አባቴ በረንዳው ላይ እንዳለ የስፌት መኪናውን ያቆምና «ምን አለች?» ይለኛል። አንዳንዴ የተባለውን እነግረዋለሁ። አንዳንዴ «ምንም» እላለሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ዳንግላ የአገው ምድር አውራጃ ከተማ ነበረች። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ የክረምት ሥልጠና ወስጄ በተማርኩበት ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ሆንኩ። በሁለተኛው ዓመቴ እንግሊዝኛ የምታስተምር አንዲት ወጣት አሜሪካዊት መጣችና ከአጥራችን ቀጥሎ ያለውን ቤት ተከራየች። አማርኛዋን የለቀመችው ከገበያ ነው። ስለ ድንችና ስለ ዶሮ ስታወራ እንደኛው ናት፤ ሌላው ነገር ላይ ያደናቅፋታል።

ሻንጣ የመሰለ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የሸክላ ማጫወቻ ነበራት። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በረንዳዋ ላይ ታስቀምጠዋለች። እኛም አጥሩን ተሻግሮ የመጣውን እንሰማለን። አንድ ቀን እናቷ በፖስታ የላከችላት ትንሽ ሸክላ ደረሰና ያን ቀን ደጋግማ አጫወተችው። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ያንኑ።

የሚዘፍኑት ሁለት ወንዶች ናቸው። አንደኛው ብቻውን ይጀምራል። ድምፁ ከመወፈሩ የተነሳ እናቴ «ይህ ሰውዬ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነው የሚዘፍነው?» አለች። ሁለተኛው ቆየት ብሎ ይገባል፤ የእሱ ቀጭን ነው፤ ወደ ላይ ይወጣ ይወጣና ሊሰበር ሲል ይመለሳል። መጨረሻው ላይ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየተቀበለው አብረው ይጮኻሉ። ለጭፈራ የሚሆን አይደለም፤ እንጉርጉሮ ነው። ቋንቋውን ባናውቀውም ኀዘን መሆኑን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገንም።

በሦስተኛው ቀን እናቴ እንዝርቷን እንደያዘች አጥሩ ጋ ሄዳ ቆመች። ለፈረንጇ አማርኛዋን አወጣች።

«ልጄ፣ ይህንን ብቻ ምነው ደጋገምሽው?»

«በአገሬ አንደኛ ወጣ» አለች ፈረንጇ ደስ ብሏት።

«ዘፈንም ይፈተናል እንዴ?»

ፈረንጇ ሳቀች። በየሳምንቱ ሸክላ የሚገዛው ሰው ብዛት እየታየ ዘፈኖች ደረጃ እንደሚወጣላቸው፣ ይህ ከሁሉም በላይ እንደሆነ በእጇም በአፏም እያደረገች አስረዳች። እናቴ አሰበችበት።

«ታዲያ ምን ይላል?»

«ባልና ሚስት... አልተጣሉም። ቤት አለ። ሁለቱም ቤት አሉ። ግን ፍቅር ሄደ። ባል ይለምናል። ሚስት ተመለሽ አይልም፣ ሚስት ቤት ናት። ፍቅር ተመለስ ይላል።»

እናቴ እንዝርቷን አንዴ አሾረችና ወደ ቤት ገባች።

ዘፈኑን ከእኔ በላይ የወደደው የሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ የሒሳብ አስተማሪ። እሱም ከዘንገና ወዲያ የገበሬ ልጅ ነው። ልጅነቱን ያሳለፈው በቆሎ ተማሪነት ነው፤ ዜማ ተምሯል፣ ቅኔ ጀምሯል፣ ከዚያ ሁሉንም ትቶ ወደ አስኳላ መጣ። ፈረንጇ ጋ ለሻይ ተጠርተን ሄደን ዘፈኑን ሁለት ጊዜ ሰማው። በሳምንቱ የተማሪ ደብተር እያረመ ዜማውን ሳያዛባ ያንጎራጉረው ነበር። ድምፁ ወፍራም ነው። እኔ ሳላስበው ከአጠገቡ ላይኛውን ያዝኩለት። እርማቱን አቁሞ አየኝ።

«ለወላጆች በዓል እንዝፈነው» አለ። «ታችኛውን እኔ፣ ላይኛውን አንቺ።»

«አብደሃል? አዝማሪ ሊሉኝ ነው?»

«በአሜሪካ አንደኛ የወጣ ነው እንላለን» አለ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

የትምህርት ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ያህል ቀርቶት ነበር። ተማሪ ከወጣ በኋላ ከፈረንጇ ጋር ሦስታችን በባዶ ክፍል እየተገናኘን ወደ አማርኛ ማምጣት ጀመርን። እሷ የእንግሊዝኛውን ትርጉም እየቆራረጠች ትነግረናለች፤ እሱ ያቃናል፤ እኔ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ቃል በቃል ስናደርገው የሞተ ነገር ሆነ። በአራተኛው ቀን ሰሌዳውን በሙሉ በዳስተር ጠረገና «ይህንን ቅኔ ቤት ቢሰሙብኝ ይገርፉኝ ነበር። ሐሳቡን እንያዝና የራሳችንን እንበል» አለ። ቆሞ ትንሽ አጉተመተመና እንዲህ አለ፤

ቤታችን ያው ቤት ነው፣ ጣራው አልፈረሰ፣
ከመካከላችን ምንድን ነው ያነሰ?

ፈረንጇ ግማሹ ባይገባትም አጨበጨበች። እሱ ወደ እኔ ዞረ።

«ከሚመጣው ወላጅ እኩሌታው ከገጠር ነው፤ አማርኛ የማይሰማው ብዙ ነው። እኔ በአማርኛ ልጠይቅ፤ አንቺ በአገውኛ መልሽልኝ። ምን እንደምትመልሽ አንቺው አስቢበት።»

ቤታችን ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። በአማርኛ የሚጠይቅ፣ በአገውኛ የሚመለስለት፤ ከዚያ ሌላ የት አይቼ አውቃለሁ? ግን ያን ጊዜ ዘፈን እንጂ ክስ የምጽፍ አልመሰለኝም። መልሱን በሁለት ቀን ሠራሁት። ትርጉሙ ይህ ነበር፦ አጠገቤ ተቀምጠህ በሰው አፍ ትጠይቀኛለህ፤ እኔም በሰው አፍ እመልስልሃለሁ፤ ጆሮህ ቅርብ ነው፣ መንገዱ ግን ጠፋኝ።

«በሰው አፍ» የሚለውን በአገውኛ አሳምሬ ማለት አቃተኝና እናቴን ጠየቅኳት። እየፈተለች ነገረችኝ። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ለምንድን ነው የፈለግሽው?»

«ለትምህርት ቤት ነው።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። «እንደሱ ሳይሆን እንዲህ በይው፤ ይሻላል» ብላ ቃሉን አስተካክላ ሰጠችኝና መፍተሏን ቀጠለች።

ርእሰ መምህሩ መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር። አማርኛውን አነበቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አገውኛው ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን አስቀመጡ። «በዚህ ግቢ የሚሰማው አማርኛና እንግሊዝኛ ነው» አሉ። ያዳነን ያ አንደኛነቱ ነው። ፈረንጇ «በአገሬ አንደኛ የወጣ ነው» ስትላቸው ፊታቸው ተለወጠ። የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ዘፈን የሚለውን ሰርዘው በራሳቸው እጅ «በአሜሪካ አገር አንደኛ የወጣ ኅብረ ዝማሬ» ብለው ጻፉ። አገውኛው አንድ ስንኝ ብቻ እንዲሆን አዘዙ። እኛም ከዚያ በላይ አልነበረንም።

አባቴን ማስፈቀድ የቀለለው በዚያው ወረቀት ነው። ማኅተም ያለበት ነገር ያከብራል። ሁለት ጊዜ አነበበውና «ዝማሬ ከሆነ ደህና። ቀሚሱን እኔ እሰፋዋለሁ» አለ። ሰማያዊ ፖፕሊን መረጠ። ልኬት ሲወስድልኝ «እጅሽን ዘርጊ፣ ቀጥ በይ» ይለኛል። እኅቴ ከሞተች ወዲህ ለቤት ሰው ልብስ ሲሰፋ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንገትጌውን ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሰፋው። ሲጨርስ «እናትሽን ጠይቂያት፤ ርዝመቱ ይበቃል ወይ?» አለኝ። እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ይበቃል በይው» አለች።

በዓሉ የሰኔ መጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አዳራሹ ጣራው ቆርቆሮ ነው። አባቶች ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ፣ እናቶች በግራ በኩል፣ ተማሪዎች መሬት ላይ ተቀመጡ። አባቴ በሁለተኛው ረድፍ፣ ካፖርቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከጎኑ የእሱ ደንበኛ የሆኑ አንድ የአገው ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁለቱንም ቋንቋ ይናገራሉ። እናቴ ከሴቶቹ መሐል ናት።

ሽልማቱ ተሰጠ፤ ንግግሩ ተደረገ፤ ርእሰ መምህሩ ስለ አንደኛነቱ አብራርተው ጠሩን። የሙዚቃ መሣሪያ የለንም። ፈረንጇ በእግሯ ምት ትሰጠናለች። ባልደረባዬ ጀመረ። ያ ወፍራም ድምፅ ባዶ ክፍል ውስጥ ከምናውቀው ይልቅ ሰው በሞላበት አዳራሽ አማረ። ስንኙን ሁለት ጊዜ አለው። ሁለተኛውን ሲጨርስ፣ እኔ አፌን ልከፍት ስል ዝናቡ ወረደ።

የዳንግላን የሰኔ ዝናብ በቆርቆሮ ሥር ሆኖ የሰማ ያውቀዋል፤ አጠገብህ ያለ ሰው ቢጮህ አይሰማም። ርእሰ መምህሩ በእጃቸው ቁሙ አሉን። ቆምን። ሰው ሁሉ እኛን እያየ፣ እኛም ሰውን እያየን ቆምን። በረዶም ነበረበት። አባቴን አየሁት፤ ቀሚሱን፣ ይልቁንም አንገትጌውን ነበር የሚያየው። ደስ ብሎት ነበር። ያን ጊዜ ነው የምለው ነገር ምን እንደሆነ ሙሉ በሙሉ የገባኝ። ወደ ባልደረባዬ ጆሮ ተጠግቼ «የእኔን ብንዘለውስ? ከአንተ ስንኝ ቀጥታ ወደ ማብቂያው እንሂድ» አልኩት።

«ለምን? ፈራሽ?»

በዓይኔ እናቴን ፈለግኳት። ከሴቶቹ መሐል ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ቀጥ ብላ እያየችኝ ነበር። አልነቀነቀች፣ አልጠቀሰች። ዝም ብላ ትጠብቅ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ እሱ ስንኙን እንደገና አለው፤ እኔም ሳልዘል ተቀበልኩት።

ከገጠር ከመጡት ሴቶች በኩል መጀመሪያ ሳቅ የመሰለ ነገር ተሰማ፤ መድረክ ላይ አገውኛ መስማታቸው ነው። ከዚያ ጸጥ አሉ። አባቴ ወደ ሽማግሌው ዘንበል ብሎ «ምን ትላለች?» ሲል ከከንፈሩ አነበብኩት። ሽማግሌው ያልሰሙ መሰሉ። ደግሞ ጠየቃቸው። እሳቸው መሬት መሬት እያዩ ጆሮው ላይ አንድ ነገር አሉት። አባቴ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ባርኔጣውን ከጉልበቱ አንስቶ አደረገ። ተነስቶ ይሄዳል ብዬ ነበር፤ አልሄደም። እስከ መጨረሻው እንደዚያ፣ አዳራሽ ውስጥ ባርኔጣ አድርጎ ተቀመጠ። ማብቂያውን አብረን ስንጮኸው ድምፄ ከቦታው ትንሽ ወረደ። ሰው ግን አጨበጨበ፤ አንዳንድ ሴቶች ዕልል አሉ።

ቤት ስደርስ አባቴ ቀድሞኝ ደርሶ የስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጧል። እናቴ ከኋላዬ ገባችና በሩ አጠገብ ቆመች።

«እናትሽን ጠይቂያት» አለ። «ይህንን ያስተማረችሽ እሷ ናት ወይ?»

ፊቴን ወደ እናቴ ማዞር ጀምሬ ነበር፤ አንገቴ ለምዶታል። መሐል ላይ ቆምኩ።

«እዚህ ናት አባዬ። እርስዎ ይጠይቋት።»

አባቴ ተነሳ። የልኬቱ እንጨት እጁ ላይ ነበር። ሊመታኝ አስቦ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከዚያ በፊት መትቶኝ አያውቅም።

«ተዋት» አለች እናቴ። በአማርኛ ነው ያለችው።

አባቴ በልማድ ወደ እኔ ዞሮ «ምን አለች?» አለ።

«ተዋት አልኩህ» አለች እናቴ። «አንተን ነው። አንዷን ሰጥተሃል፤ ይህቺን አትነካትም።»

አንተ አለችው። ከልጅነቴ ጀምሮ እርስዎ ሲባል የሰማሁትን ሰው። አባቴ እንጨቱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከአምስት ዓመት በኋላ የመጣለት ቃል ይህ ነው፤ ምን እንደሚያደርገው የጠፋው ይመስል ነበር። ከዚያ እሱም ለእሷ፣ ፊቷን እያየ፣ «ቃል ሰጥቼ ነበር» አለ።

«ለሰው ሰጠህ። ለእኔስ?»

«እኔስ አልቀበርኳትም? የሙሽራ ቀሚሷን በዚህ እጄ የሰፋሁት እኔ አይደለሁም? እኔስ አላለቀስኩም?»

«አላየሁህም።»

«መቼ ታይኛለሽ! መች ዓይንሽ ወደ እኔ ዞረ?»

ከዚያ በኋላ ሁለቱም አብረው ጮኹ። ልብስ ሊቀበል የመጣ ሰው ከበረንዳው ደረጃ ላይ ተመለሰ። እኔም ወጣሁ፤ የምሄድበት ስላልነበረኝ አጥሩን ዞሬ ፈረንጇ ጋ ገባሁ። ጩኸቱ እዚያ ድረስ ይሰማ ነበር። ፊቷ ቀልቷል።

«በእኔ ምክንያት» አለች። «ዘፈን መጥፎ። ይቅርታ። ተጣሉ።»

«አይደለም» አልኳት። «እየተነጋገሩ ነው።»

ቃሉን ያልያዘች መስሏት ደግማ ጠየቀችኝ። ደግሜ ነገርኳት። ከዚያ አለቀስኩ፤ እሷም ሌላ የምታደርገው ስላልነበራት አጠገቤ ተቀምጣ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ቤታችን ከዚያ ወዲያ ሰላም ሆነ ማለቴ አይደለም። ክረምቱን በሙሉ ተጣሉ። ስለ ጣራው ማፍሰስ ተጣሉ፤ ስለ ጨው ተጣሉ፤ በእኅቴ ሠርግ ጊዜ ከጫግኒ ሰዎች ጋር ማን ምን እንዳለ እየተነሳ ተጣሉ። አምስት ዓመት ሙሉ ምንም ያላየው ጎረቤት አሁን ደንግጦ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሰዎች መጥተው «ምን ገባባችሁ? እንደናንተ በሰላም የኖረ ባልና ሚስት ዳንግላ ውስጥ አልነበረም» አሉ። እናቴ ጠላ ቀዳችላቸውና «ምንም አልሆንን» አለች። አባቴም «ምንም አልሆንን» አለ። በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እኔን አባቴ ስለ ስንኙ ዳግመኛ አላነሳብኝም። ለሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ስሜን አልጠራም፤ «አንቺ» እያለ ነበር የሚያዘኝ። ተማሪዎቼ «አዝማሪዋ» አሉኝ፤ ርእሰ መምህሩ አንድ ሁለቱን በአለንጋ ከገረፉ በኋላ ተዉት። በጥር፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ አባቴና እናቴ በጭነት መኪና ሁለቱ ብቻ ጫግኒ ሄዱ። አብሬ ልሂድ ስል እናቴ «አንቺ አታስፈልጊንም» አለችኝ። በአራተኛው ቀን ተመለሱ። መቃብሩ ዘንድ ምን እንዳደረጉ ጠየቅኳት። «ደንጊያውን አስተካከልን» አለች። ቆየት ብላ «ሲያለቅስ አየሁት» አለች።

በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ባልደረባዬ ሽማግሌ ላከብኝ። አልጠበቅሁትም ብል እውነት አይሆንም። በአንድ ዜማ ላይ ሁለት ወር አብሮ የሠራ ሰው የሌላውን ትንፋሽ ሳይቀር ያውቃል፤ እሱ የት ላይ እንደሚተነፍስ አውቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ቆመው የመጡበትን ተናገሩ። ዘሩን ቆጠሩ፤ የቤተ ክህነት ትምህርቱንና ደመወዙን አወሱ። አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማቸው።

«እሷን ጠይቋት» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ መልስ አያውቁም። እምቢታውን በዘዴ የነገራቸው መሰላቸው። አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ጌታዬ፣ እኛ ወደ እርስዎ ነው የመጣነው። የእርስዎ ቃል ይበቃናል» አሉ።

«የእኔ ቃል አይበቃም» አለ አባቴ። «አለች፤ ጓዳ ናት፤ ትጠራ።»

ተጠራሁ። ስድስት ሽማግሌ ፊት ቆሜ ስለ ራሴ ጋብቻ ተጠየቅኩ። መድረኩ ላይ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም። ያን ሰሞን ለሙሉ የመምህርነት ሥልጠና ተመርጬ ነበር፤ ሁለት ዓመት ነው፣ ከጎጃም ውጭ ነው። እንደምሄድ ነገርኳቸው። ከተመለስኩ በኋላ ከጠየቀኝ እሺ እላለሁ፤ አሁን ግን አልችልም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ።

በማግስቱ ትምህርት ቤት አገኘሁት። ተቀይሞኝ ይሆናል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ሳቀ።

«ሽማግሌዎቹ እስከ አሁን እየተከራከሩ ነው» አለኝ። «እምቢ ትበል እሺ ትበል አላወቁም።»

«አንተስ?»

«እኔም አላወቅሁም። ሁለት ዓመት ረጅም ነው።»

ረጅም ነበር። በመስከረም ሄድኩ። ፈረንጇም በዚያው ክረምት ወደ አገሯ ተመለሰች። ባልደረባዬ መጀመሪያ በየወሩ ይጽፍልኝ ነበር፤ ከዚያ በየሦስት ወሩ። በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ፣ ወደ ኮሶበር፣ ዛሬ እንጅባራ ወደምንላት ከተማ፣ ተዛውሮ አንዲት የዚያ አገር ልጅ እንዳገባ በራሱ እጅ ጻፈልኝ። ደብዳቤው ጨዋ ነበር፤ እንድቀየመው የሚያደርግ ቃል አልነበረበትም። አልከፋኝም አልልም። አንድ ሳምንት ያህል ምግብ አልበላ ብሎኛል፤ የክፍል ጓደኞቼም ታመመች ብለው አጥሚት ያመጡልኝ ነበር። ከዚያ የመንፈቅ ፈተና ደረሰና ደብተሬን አውጥቼ ማጥናት ጀመርኩ።